ቁራጭ

በደራ ከተማ፣ በምሠራበት ባንክ፣ በመስኮቴ ፊት በቆሙ ቁጥር «ገንዘቤን፣ ታሞ እንደሆነ ብዬ ልጠይቀው መጣሁ» የሚሉኝ አንድ አዛውንት አሉ። ለዚህ ዓይነቱ ነገር እንግሊዝኛ ከይዲሽ፣ ከምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶች ቋንቋ፣ የተዋሰው ቃል አለው፦ «ሽቲክ»። ጥሬ ፍቺው «ቁራጭ» ነው። በአሜሪካ መድረክ የቀልደኛ የማይለወጥ ጨዋታ፣ ቀጥሎም የማንም ሰው መታወቂያ አመል ሆነ። ጃክ ቤኒ ዕድሜው ሁልጊዜ 39 ነበር!

የእኛም ቴአትር ገና ሲጀምር የሳቀው በተውሶ ቃል ነው። በልጅነታቸው ከዓድዋ ድል (1888 ዓ.ም.) በኋላ ሩስያ ሄደው የተማሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» አሉት። ቀልድ፣ ዋዛ፣ ፌዝ ሞልቶን ሳለ ስለ ምን «ኮሜዲያ»? እኔ እንደሚመስለኝ፣ ቀልድ በገበታ ዙሪያ የሚጣል ነው፤ በመድረክ ቆሞ ሹምን የሚገሥጽ ሳቅ ግን ስም አልነበረውም። (አዝማሪው ቢኖርም፣ እርሱ በቅኔ ተሸፍኖ ነው።) ከርእሱ ቃላት የእኛ የሆኑት አውሬዎቹ ብቻ ናቸው፤ መኳንንቱም ራሳቸውን ያዩት በእነርሱ ውስጥ ነው። ተውኔቱ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። ደራሲው ግን የ1923ቱን ሕገ መንግሥት እስከ ማርቀቅ ደረሱ።

አዛውንቱ ባለፈው ሳምንት መጥተው ነበር። ቀልዳቸውን ጠበቅሁ። ዝም ብለው የቁጠባ ደብተራቸውን ዘረጉልኝ፤ ለልጃቸው ሕክምና ሁሉንም ሊያወጡ ነው።