የዲኤንኤ ሜቲሌሽን

የዲኤንኤ ሜቲሌሽን ማለት ሜቲል የተባለ ትንሽ የአተሞች ስብስብ (አንድ ካርቦንና ሦስት ሃይድሮጅን) በዲኤንኤ ላይ የሚለጠፍበት ሂደት ነው። ሂደቱ የዘረመሉን የፊደላት ቅደም ተከተል አይለውጥም፤ የሚወስነው ዘረመሉ ሥራ ላይ መዋል አለመዋሉን ነው። የጉበትና የአንጎል ሕዋሳት አንድ ዓይነት ዲኤንኤ ይዘው የተለያየ ሥራ የሚሠሩት በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

አሠራሩ

ዲኤንኤ አዴኒን፣ ታይሚን፣ ጓኒንና ሳይቶሲን በተባሉ አራት «ፊደላት» የተሠራ ነው። በአጥቢ እንስሳት ሜቲል በአብዛኛው የሚለጠፈው ከጓኒን ቀድሞ በሚገኝ ሳይቶሲን 5ኛ ካርቦን ላይ ነው። ይህ የሁለት ፊደላት ቅደም ተከተል ሲፒጂ ይባላል። በሰው ዲኤንኤ ውስጥ ካሉት ሲፒጂዎች ከ70 እስከ 80 በመቶ የሚሆኑት ሜቲል አላቸው። ሆኖም በብዙ ዘረመሎች መነሻ አካባቢ ተጠጋግተው የሚገኙት «የሲፒጂ ደሴቶች» ብዙውን ጊዜ ከሜቲል ነጻ ናቸው። በእነዚህ ደሴቶች ላይ ሜቲል ሲበዛ ዲኤንኤውን አጥብቀው የሚጠቀልሉ ፕሮቲኖች ይሰበሰባሉ፤ ዘረመሉም መነበቡን ያቆማል።

አዲስ ሜቲል የሚለጥፉት በዋናነት ዲኤንኤምቲ3ኤ እና ዲኤንኤምቲ3ቢ የተባሉ ኢንዛይሞች ናቸው። ሕዋስ ለሁለት ከመከፈሉ በፊት ዲኤንኤው ሲባዛ ደግሞ ዲኤንኤምቲ1 በአሮጌው ሰንሰለት ላይ ያለውን ምልክት ተከትሎ በአዲሱ ላይ ይደግመዋል። በዚህ መንገድ የጉበት ሕዋስ የጉበት ሕዋስ ይወልዳል። ምልክቱ እንዲህ ከሕዋስ ወደ ሕዋስ ሊተላለፍ እንደሚችል በ1975 እ.ኤ.አ. ሮቢን ሆሊዴይና ጆን ፑ በአንድ ወገን፣ አርተር ሪግስ በሌላ ወገን ሐሳብ አቅርበዋል።

ምሳሌ፦ የማር ንብ

ንግሥቲቱና ሠራተኛ ንቦች ተመሳሳይ ዘረመል ካላቸው እጮች ያድጋሉ፤ ልዩነቱን የሚያመጣው በእጭነታቸው የሚመገቡት ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ጥናት የዲኤንኤምቲ3 መጠን በእጮች ላይ ሲቀነስ አብዛኞቹ የንግሥት መልክ ይዘው እንዳደጉ አሳይቷል።

ከጤና ጋር ያለው ግንኙነት

ኤፍኤምአር1 በተባለው ዘረመል ውስጥ ሲጂጂ የሚለው ቅደም ተከተል ከ200 ጊዜ በላይ ሲደጋገም አካባቢው ሜቲል ይለጠፍበትና ዘረመሉ ይዘጋል፤ ውጤቱም የአእምሮ እድገትን የሚገታው ፍራጃይል ኤክስ ነው። በካንሰር ሕዋሳትም ዕጢ እንዳያድግ የሚከላከሉ ዘረመሎች በተመሳሳይ መንገድ ሊዘጉ ይችላሉ። ከዘረመል ለውጥ በተለየ ግን ሜቲል ሊነሳ ይችላል። በ2004 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተፈቀደው አዛሲቲዲን የተባለ መድኃኒት የዲኤንኤምቲ ኢንዛይሞችን በመግታት ለአንዳንድ የመቅኔ በሽታዎች ሕክምና ይውላል።