ዓይነት ሁለት የስኳር ሕመምን ለመከላከል የሚዘጋጁ የስልክ መርሃ ግብሮች በደብረ ማርቆስና አካባቢው

ዓይነት ሁለት የስኳር ሕመም ሰውነት ኢንሱሊን የተባለውን ሆርሞን በአግባቡ መጠቀም ሲሳነው ወይም በበቂ መጠን ሳያመነጭ ሲቀር የሚከሰት ሕመም ነው። ለዓመታት ምልክት ሳያሳይ ሊቆይ ስለሚችል፣ ብዙዎች መታመማቸውን የሚያውቁት ዓይን፣ ኩላሊት ወይም የእግር ነርቭ ከተጎዳ በኋላ ነው። ይሁን እንጂ መከላከል ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ የታተመ ሰፊ ጥናት፣ ለሕመሙ የተጋለጡ ሰዎች የክብደታቸውን 7 በመቶ ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ለመንቀሳቀስ ግብ ይዘው ሲደገፉ የመታመም ዕድላቸው በ58 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል።

ለውጡ የመጣው ምክሩ አንድ ጊዜ ስለተነገረ ሳይሆን አማካሪዎች ተሳታፊዎቹን ለረጅም ጊዜ ስለተከታተሉ ነው። የዲጂታል ጤና መርሃ ግብር ዓላማም ይህንኑ ክትትል በስልክ አማካኝነት ከጤና ተቋም ርቆ ለሚኖረው ሰው ማድረስ ነው። መንገዱ ለአርሶ አደሩ እንግዳ አይደለም፤ በ2006 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የ8028 ነፃ የስልክ መስመር የግብርና ምክር በድምፅ ሲሰጥ ቆይቷል።

ድምፅ መመረጡ ያለ ምክንያት አይደለም። በግዕዝ ፊደል የሚጻፍ አንድ አጭር የጽሑፍ መልእክት የሚይዘው ክፍተትን ጨምሮ 70 ፊደል ብቻ ነው፤ በላቲን ፊደል 160 ይይዛል። ማንበብ ለማይችሉ ሰዎች ደግሞ ጽሑፉ ምንም ያህል ቢያጥር አይጠቅምም።

ይዘቱ ከነዋሪው ኑሮ ሊነሣ ይገባል። በጮቄ ተራራ ሥር ቀኑን ሲያርስ ለሚውል ገበሬ «በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ይራመዱ» የሚል መልእክት ትርፉ መሰልቸት ነው፤ ለከተማው የቢሮ ሠራተኛና ለባጃጅ አሽከርካሪ ግን ተገቢ ነው። የምግብ ምክርም የጾምን ወቅት ያገናዘበ መሆን አለበት። በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት ስለ ወተትና ሥጋ ከመናገር ይልቅ የእንጀራውንና የድንቹን መጠን ቀንሶ ጎመኑንና ምስሩን ማብዛት፣ ሻይን ያለ ስኳር መጠጣት ቢነገር ይሻላል። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ስለ ጾም አስቀድሞ ሐኪሙን ማማከር ይኖርበታል፤ ስኳሩ በድንገት ሊወርድ ይችላልና።

በብዙ ቤት አንድ ስልክ ለቤተሰቡ በሙሉ ያገለግላል። ስለዚህ የምርመራ ውጤት ማንም በሚያነበው መልእክት መላክ የለበትም። የጤና መረጃ በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ልዩ ጥበቃ የሚደረግለት ሲሆን፣ ተመዝጋቢው መረጃው ለምን እንደሚሰበሰብና ማን እንደሚያየው የመጠየቅ መብት አለው።

መልእክቱ ምንም ያህል ቢያምር የደም ስኳርን አይለካም። መርሃ ግብሩ ጤና ኬላውን፣ ጤና ጣቢያውንና ሆስፒታሉን ካላገናኘ ማስታወቂያ ሆኖ ይቀራል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በታብሌት የሚይዙት የቤተሰብ መረጃ ለዚህ ትስስር ጥሩ መነሻ ነው።

ክብደታቸው ከልክ በላይ የሆነ፣ የደም ግፊት ያለባቸው፣ በቤተሰባቸው የስኳር ሕመም ያለ ወይም በእርግዝና ወቅት ስኳር የታየባቸው ሰዎች መልእክት ሳይጠብቁ ቢመረመሩ ይመከራል። በጾም ሆድ የተለካ ስኳር በዴሲ ሊትር ከ110 እስከ 125 ሚሊ ግራም ከሆነ የመከላከያ ክትትል የሚጀመርበት ደረጃ ነው፤ 126 እና ከዚያ በላይ ከሆነ በድጋሚ ምርመራ መረጋገጥ አለበት። ለዚህ ምርመራ የሚመጣ ሰው ቢያንስ ለ8 ሰዓት ምግብ ሳይወስድ ጠዋት ይቀርባል፤ ውኃ መጠጣት ይችላል።