የተመለሰው ተማሪ


አንድ ትምህርት ቤት ተማሪውን አስተምሮ ካሰናበተ በኋላ ግንኙነታቸው በምስክር ወረቀቱ ያበቃልን? ወይስ ተምሮ የወጣው ሰው ተመልሶ ታናናሾቹን ያስተምር ዘንድ፥ ሥራቸውንም ይመረምር ዘንድ ይገባዋል? ይህ ጥያቄ ለሀገራችን የቅኔ ቤት እንግዳ አይደለም፤ ቀድሞ የገባው ደቀ መዝሙር አዲሱን ይመራል፤ የተቀኘውም ቅኔውን በመምህሩ ፊት ነግሮ ይታረማል። ዛሬ ግን ነገሩን በፎቶግራፍ ትምህርት ታሪክ እንመለከተዋለን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በ1937 የሀንጋሪ ተወላጅ የሆነው ላስሎ ሞሆይ ናጅ በአሜሪካ በሺካጎ ከተማ ኒው ባውሃውስ የተባለውን የጥበብ ትምህርት ቤት ከፈተ። በዚያ ፎቶግራፍ የሚማር ሰው ከካሜራው አስቀድሞ የብርሃንን ጠባይ ይማር ነበር። በጨለማ ክፍል ውስጥ፥ ብርሃን በሚለውጠው ወረቀት ላይ ልዩ ልዩ ዕቃ አስቀምጦ መብራት ያበራበታል፤ የዕቃውም ጥላ በወረቀቱ ላይ ሥዕል ሆኖ ይቀራል። ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች አንዱ የዲትሮይት ሰው የሆነው አርተር ሲገል ነበር። ትምህርት ቤቱ በገንዘብ እጦት በ1938 ተዘጋ፤ በ1939 በሌላ ስም ተከፍቶ በ1944 ኢንስቲትዩት ኦፍ ዲዛይን ተባለ፤ በ1949ም ከኢሊኖይ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ጋራ ተዋሐደ።

ሲገል በዚህ መካከል ሥራ ላይ ነበር። በጦርነቱ ዘመን ለአሜሪካ መንግሥት የጦርነት ማስታወቂያ መሥሪያ ቤት፥ ኋላም ለአየር ኃይሉ ፎቶግራፍ አነሣ። በ1946 የቀድሞ መምህሩ የፎቶግራፉን ክፍል እንዲመራ ጠራው። ሞሆይ ናጅ በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ዐረፈ፤ የትምህርቱ አደራም በተመለሰው ተማሪ እጅ ቀረ።

ሲገል በተመለሰበት በጋ እንደ ፖል ስትራንድና እንደ ቤረኒስ አቦት ያሉትን ስመ ጥር ፎቶግራፍ አንሺዎች ጋብዞ ተማሪዎቹ ከአንደበታቸው እንዲሰሙ አደረገ። ከዚህም በላይ ሃሪ ካላሃንን ለመምህርነት አመጣ። ካላሃን በመኪና ፋብሪካ ይሠራ የነበረ፥ ፎቶግራፍንም በራሱ ጥረት የተማረ ሰው ነበር። በ1951 ደግሞ በኒው ዮርክ ልጆችን እንግሊዝኛ ሲያስተምር የኖረው አሮን ሲስኪንድ ተጨመረ።

የዚህ ጥምረት ፍሬ ብዙ ሳይቈይ ታየ። ለማስተርስ ዲግሪ የሚደርሰው ተማሪ በአንድ አሳብ ላይ ረዥም ጊዜ ደክሞ ተከታታይ ሥዕሎችን እንዲያቀርብ ይጠየቅ ነበር። በ1961 አፐርቸር የተባለው መጽሔት የአምስት ተማሪዎችን ሥራ አወጣ። ከነዚህም ጆሴፍ ጃክና ትምህርቱን እንደ ጨረሰ እዚያው መምህር ሆኖ እስከ 1969 አስተማረ፤ ኬኔዝ ጆዝፍሰን ደግሞ በዚያው ከተማ በሌላ የጥበብ ትምህርት ቤት መምህር ሆነ።

ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ቁም ነገር ምንድን ነው? ተመልሶ የሚመጣው ተማሪ የመምህሩን ትእዛዝ ከተማሪው ወገን ሆኖ ያውቀዋል፤ የጨለማውን ክፍል ድካም ቀምሷል፤ ከዚያም ወጥቶ ሥዕሉ እንጀራ ሲሆንለትና ሲከለክለው አይቷል። ስለዚህ የወጣቱን ሥራ ሲመረምር፥ «መልካም ነው» ብሎ በይሉኝታ አያልፈውም፤ «አይረባም» ብሎም ተስፋ አያስቈርጠውም፤ የጐደለውን ለይቶ ያሳየዋል።

ነገር ግን አደጋም አለበት። የራሱን ልጆች ብቻ ለመምህርነት የሚሾም ቤት ከጊዜ በኋላ የመምህሩን ሥዕል በተማሪው እጅ እየደጋገመ ይቀራል፤ ማንም ስሕተቱን አይነግረውም። የሺካጎው ትምህርት ቤት ከዚህ የዳነው ከተመለሰው ተማሪ አጠገብ ከውጭ የመጡትን ካላሃንንና ሲስኪንድን ስላስቀመጠ ነው።

እንግዲህ አንባብያን ሆይ፥ እናንተም ወደ ተማራችሁበት ቤት የምትጠሩበት ቀን ይመጣ ይሆናል። ለታናናሾቻችሁ የምትወስዱላቸው ስጦታ በሥራ ላይ ያያችሁት ነውና፥ ጕድለቱን ሳትደብቁ በጎውንም ሳታጋንኑ ንገሯቸው።