ከመስመሩ በታች ያለው ቀለም

እንግዲህ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ። የዛሬው ትረካ የሚጀምረው በአንድ ግዙፍ ሰውዬ ነው፤ በተናደደ ቁጥር ልብሱ የሚተረተርበት፣ ሃልክ የሚሉት። አረንጓዴ መሆኑን የማያውቅ ልጅ የለም። ሲወለድ ግን አረንጓዴ አልነበረም። በ1962 የመጀመሪያው እትም ሊወጣ ሲል (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራቸው) ደራሲው ስታን ሊ ግራጫ ይሁንልኝ አለ። የኮሚክ አሳታሚው የማርቭል ቀለም ቀቢ ስታን ጎልድበርግ፣ ግራጫ በማተሚያው ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ አይወጣም ብሎ አስጠነቀቀው። ሊ አልሰማም። መጽሔቱ ታትሞ ሲመጣ ሰውዬው በአንዱ ገጽ አመድማ፣ በሌላው ወደ ጥቁር የተጠጋ፣ አልፎ አልፎም አረንጓዴ ሆኖ ቁጭ አለ። በሁለተኛው እትም አረንጓዴ አደረጉት፤ በዚያው ጸና።

ግራጫ ምን ስለሆነ ነው እንዲህ ያስቸገረው? የዚያን ዘመን ማተሚያ ከጥቁሩ ሌላ የነበሩት ሦስት ቀለሞች ናቸው፦ ውሃ ሰማያዊ፣ ደማቅ ሮዝና ቢጫ። እያንዳንዳቸው ወይ አይገቡም፣ ወይ በ25፣ በ50 ወይም በ100 በመቶ ይገባሉ። አራት በአራት በአራት ብታባዙ 64 ነው፤ የድሮ ኮሚክ ዓለም በሙሉ የተቀባው በእነዚህ 64 ቀለሞች ነበር። ግራጫ ደግሞ ሦስቱ ሚዛን ሲጠብቁ የሚገኝ ነው፤ አንዱ ትንሽ ሲበዛ ወደዚያው ያዘነብላል።

አሁን ወደ ጓዳው ልውሰዳችሁ። ሠዓሊው በእርሳስ ነደፈ፣ ሌላው በጥቁር ቀለም መስመሩን አጠነከረ። ቀለም ቀቢው የገጹን ቅጂ በውሃ ቀለም ቀብቶ ከእያንዳንዱ ቦታ ጎን የቀለሙን ምልክት ጻፈ። ከዚያ በኋላስ? ገጹ በኮኔቲከት ግዛት ወደምትገኘው ብሪጅፖርት ከተማ ይላካል። እዚያ በጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡ ሴቶች ይረከቡታል። ለእያንዳንዱ ማተሚያ ቀለም ሦስት፣ በድምሩ ለአንድ ገጽ ዘጠኝ ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ ያነጥፋሉ፤ ካባው የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ፣ ፊቱ የት እንደሚያበቃ እያዩ ክፍሉን በብሩሽ ይሞላሉ። ዘጠኝ ጊዜ ያው ገጽ! የደራሲው ስም በመጽሔቱ ላይ ይወጣል፤ የእነሱ አይወጣም። ልብ በሉልኝ፣ ሥራቸው ማስዋብ አልነበረም፤ መለየት ነበር። የዚህ ትረካ ነገር ሁሉ እሱ ላይ ነው ያለው።

ዓመታቱን ልዝለላቸው። በ1988 የማርቭል ቅርንጫፍ የነበረው ኤፒክ፣ የጃፓናዊውን የካትሱሂሮ ኦቶሞን «አኪራ» ለአሜሪካ አንባቢ ማውጣት ጀመረ። ሥራው በጃፓን ሲታተም ጥቁርና ነጭ ነበር። ስቲቭ ኦሊፍ የተባለ የካሊፎርኒያ ሰው ከባልደረቦቹ ጋር በኮምፒውተር ቀባው። በውስጡ ያለውን የሌሊት ከተማ መብራት፣ የሞተር ብስክሌቱን ቀይ ያየ ሰው ወደ 64ቱ መመለስ አልፈለገም። በ1992 የአይዝነር የኮሚክ ሽልማት ለቀለም ቀቢ መሰጠት ሲጀምር የመጀመሪያው ተሸላሚ ይኸው ኦሊፍ ሆነ። ብሩሹና ፕላስቲኩም ቀስ በቀስ ቀረ።

ግን የማን ኮምፒውተር? የማን ሶፍትዌር? ገንዘብ ያለው ነዋ።

እዚህ ላይ ሁለት ተማሪዎች ይገባሉ። ስፔንሰር ኪምቦልና ፒተር ማቲስ ይባላሉ፤ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ በርክሌይ። የክፍል ሥራ ተሰጥቷቸው ሊስፕ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ኮምፓይለር ይጽፋሉ። ራሳቸው እንደተረኩት ሰዓቱ ሊነጋጋ ሲል ነው፤ እንቅልፍ የላቸውም፤ ትዕግሥታቸው ተሟጧል። ፕሮግራሙ 17 ሜጋባይት ሜሞሪ ጠየቀ፤ አላገኘም፤ ተዘረጋ። ሁለቱ ተያዩ፤ ሥራውን እዚያው ጣሉት። ምንም ይሁን ምን አንድ የሚጠቅም ነገር መጻፍ አለብን አሉ። በ1995 የጀመሩት ያ ነገር በ1996 መጀመሪያ ለሕዝብ ወጣ፤ ጊምፕ የተባለው የሥዕል ሶፍትዌር ነው። ከነምንጭ ኮዱ በነጻ ሰጡት። ለመስኮቱና ለቁልፎቹ ይጠቀሙበት የነበረው ሞቲፍ የሚከፈልበት ስለነበር እሱንም ትተው ጂቲኬ የተባለ የራሳቸውን መሣሪያ ሠሩ፤ ዛሬ ኖም የሚባለው የነጻው ሥርዓተ ክወና የሊኑክስ ገጽታ የቆመው በዚያ ላይ ነው። በዚያው በ1996 ላሪ ዩዊንግ በጊምፕ 0.54 አንድ ወፍራም ፔንግዊን ሣለ፤ ሆዱ ነጭ፣ ምንቃሩና እግሩ ቢጫ። የሊኑክስ ምልክት የሆነው ተክስ እሱ ነው። በነጻ ሶፍትዌር ደህና ቀለም አይቀባም ለሚሉ ሰዎች መልሱ ከዚያ ዓመት ጀምሮ እየዞረ ነው።

በሌላ ወገን ፎቶሾፕ ከ2013 ጀምሮ አዲሱን በየጊዜው እየከፈሉ የሚከራዩት ሆኗል፤ ክፍያውም በዶላር። የዶላር ካርድ የሌለው የእኛ ሰው ክራክ ፍለጋ ይሄዳል፤ ከክራኩም ጋር ቫይረስ ይጭናል። ጊምፕ ደግሞ በዊንዶውስም በማክም በሊኑክስም ያለ ሳንቲም ይገባል።

እንግዲህ እጃችንን እናስገባ። በእጅ የተሣለ አንድ የኤ4 ገጽ በ300 ዲፒአይ ስካን ተደርጎ ወደ ጊምፕ ገብቷል እንበል። ወርዱ 2480፣ ቁመቱ 3508 ፒክስል ነው፤ ቀለም ያለበት አንድ ሌየር (እንደ ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲኩ የሚደራረብ ንብርብር) ብቻ ወደ 35 ሜጋባይት ሜሞሪ ይይዛል። ሁለቱን ተማሪዎች ያስለቀሰው መጠን እጥፍ፣ ለአንድ ሌየር! ስለዚህ ኮምፒውተራችሁ አሮጌ ከሆነ ሌየር አታብዙ፤ ከበቂ በላይ የሚያበዛ ተማሪ ነው የማየው።

መጀመሪያ መስመሩን አጽዱ። ሌቭልስ የሚባለው መሣሪያ ውስጥ ገብታችሁ የወረቀቱን ቢጫነት ወደ ንጹሕ ነጭ፣ ግራጫውን መስመር ወደ ጥቁር ግፉት። ቀጥሎ የመስመሩን ሌየር ሞድ ከኖርማል ወደ መልቲፕላይ ቀይሩ። በዚህ ሞድ ነጭ የሆነ ሁሉ ከሥሩ ያለውን ያሳልፋል፤ ጥቁሩ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። አሁን አዲስ ሌየር ከሥሩ አስገቡ። ከዚህ በኋላ የምትቀቡት ሁሉ ከመስመሩ በታች ነው፤ የሠዓሊውን እጅ አትነኩም።

ቀጥሎ የብሪጅፖርት ሴቶች ሥራ ይመጣል። ፈዚ ሴሌክት የሚባለውን ምትሃተኛ ዘንግ ያዙ፤ አንቲኤሊያሲንግ የሚባለውን ጠርዝ ማለስለሻ አጥፉ፤ መስመሩ ሌየር ላይ ቆማችሁ የገጸ ባሕርዩን ካባ ንኩ። የሚንቀሳቀስ ነጠብጣብ ይከብበዋል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚቸኩለው። ሴሌክት ከሚለው ግሮው የሚለውን መርጣችሁ ምርጫውን በ2 ፒክስል አስፉት፤ ከዚያ ወደ ታችኛው ሌየር ወርዳችሁ ሙሉ። ለምን 2 ፒክስል? ቀለሙ ከጥቁሩ መስመር ሥር ትንሽ ገባ እንዲል ነው። ካልገባ በመስመሩና በቀለሙ መካከል እንደ ፀጉር የቀጠነ ነጭ ጭረት ይቀራል፤ በስክሪን ላይ አይታይም ትላላችሁ፣ ሲታተም ዓይን ይወጋል። ፊቱን፣ ፀጉሩን፣ ጫማውን፣ ሰማዩን እንዲሁ። ቀለሙ ያምራል አያምርም ብላችሁ አሁን አትጨነቁ፤ ሐምራዊ ፊትም ቢሆን ግድ የለም። ክፍሎቹ ከተለዩ ቀለሙን መቀየር የአንድ ጠቅታ ጉዳይ ነው። ካልተለዩ ግን ማንም አያድናችሁም።

መስመሩ ሳይገጥም የቀረበት ቦታ ካለስ? የቀለም መሙያውን ባልዲ ስታፈሱ ከካባው የወጣው ቀይ ገጹን በሙሉ ያጥለቀልቃል። ለዚህ በ2019 የወጣው ጊምፕ 2.10.10 መፍትሔ ይዞ መጣ፤ ባልዲው ክፍተቱን ራሱ ገምቶ ይዘጋና ይሞላል። ስልቱ የመጣው በፈረንሳይ ካን ከተማ ካለው ግሬይክ የተባለ የምርምር ቤተ ሙከራ ነው። ክሪታ የተባለው ሌላው ነጻ ሶፍትዌርም ከ2018 ጀምሮ ከለራይዝ ማስክ አለው፤ በየክፍሉ አንድ ጭረት ቀለም ታኖራላችሁ፣ የቀረውን እሱ ያዳርሰዋል። ደህና ይሠራል። ጣትና ጸጉር ላይ ግን ይሳሳታል፤ እዚያ የእናንተ ዓይን ያስፈልጋል።

ጥላ? በመልቲፕላይ ሌላ ሌየር፣ በቀዝቃዛ ወይን ጠጅ፣ በመጠኑ። ጥቁር አታድርጉት፣ ቆዳውን ያቆሽሸዋል። ጀማሪ ሁሉ ጥላና ብልጭታ ላይ መረባረቡ እኔን ያሰለቸኛል። የአብያተ ክርስቲያኖቻችንን ግድግዳ ተመልከቱ፤ በጥቁር መስመር የታጠረ ዝርግ ቀለም ብቻውን ስንት ዘመን ያስተላለፈው ታሪክ አለ። «ጀምበር» የተባለው የልዕለ ጀግና ኮሚክ በአማርኛም ወጥቷልና፣ ለቀጣዩ የአገር ልጅ መንገዱ ባዳ አይደለም። የንግግር ፊኛውን በግዕዝ ፊደል ለመሙላትም አቢሲኒካ ኤስአይኤል የተባለው ፎንት በነጻ ይገኛል።

የመጨረሻው ሰው ዴቪድ ረቮይ ነው፤ ፈረንሳዊ ሠዓሊ። ከ2014 ጀምሮ «ፔፐር ኤንድ ካሮት» የሚባል የአንዲት ትንሽ ጠንቋይና የድመቷን ታሪክ በነጻ ሶፍትዌር፣ በተለይ በክሪታ እየሣለ ያወጣል። ጽሑፉን ከሥዕሉ ለይቶ ስለሚያስቀምጠው በየቋንቋው ይተረጎማል። በ2016 ግሌና የተባለው ትልቅ የፈረንሳይ አሳታሚ በመጽሐፍ አወጣው፤ ልዩ ፈቃድ መጠየቅ አላስፈለገውም፣ ረቮይ አስቀድሞ ለሁሉም ፈቅዷልና። ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን ሌላ ነው፤ የየክፍሉን የሥራ ፋይል ከነሌየሩ ለሕዝብ ይለቃል። የብሪጅፖርት ጓዳ በሩ ተከፈተ ማለት ነው።

ስለዚህ መማር የምትፈልጉ፣ ክሪታን ጫኑ፤ ከእነዚያ ፋይሎች አንዱን አውርዱና ክፈቱ፤ የዓይን ምልክቱን እየነካችሁ ሌየሮቹን ከላይ ወደ ታች አንድ በአንድ አጥፉ። እስከ ታች ውረዱ። ከዚያ በራሳችሁ ቀለም መልሳችሁ ቀቡት፣ ብትፈልጉም አሳትሙት። የሠዓሊውን ስም መጥቀስ፣ የፈቃዱን አድራሻ ማስቀመጥና መቀየራችሁን መግለጽ ግን እንዳትረሱ፤ ፈቃዱ በምላሹ የሚጠይቃችሁ ይህንኑ ነው።