ብልጭ ድርግም፦ ለማየት ወይስ ለመታየት?

መርጡለ ማርያም ገበያ ወጥቶ ርካሽ የእጅ ባትሪ የሚገዛ ሰው፣ ቁልፉን አንዴ ሲጫን ደማቅ፣ ሁለተኛ ሲጫን ደብዘዝ ያለ፣ ሦስተኛ ሲጫን ደግሞ ዓይን የሚያጥበረብር ብልጭ ድርግም ያገኛል። «ይሄ ሦስተኛው ለምን ይጠቅማል?» ብሎ ሻጩን ቢጠይቀው፣ «አብሮት የመጣ ነው» ከማለት በቀር ሌላ መልስ የለውም። ውድ አንባቢያን፣ ጥያቄው ተራ ቢመስልም ታሪክ ስለ ጉዳዩ የሚለው አለው።

በአገራችን ብርሃን ከጥንት ጀምሮ ሁለት ሥራ ነበረው፤ አንዱ ለማየት፣ ሌላው ለመታየት። ሌሊት ዳዊት የሚደግም ሰው ጧፍ ያበራል፤ ጧፉ ጸጥ ብሎ ካልነደደ ፊደል አይለይለትም። በኩራዝ የምትጋግር እናትም እንዲሁ። ችቦ ግን ሌላ ነው፤ ችቦ የሚለኮሰው ከሩቅ እንዲታይ ነው። ንግሥት እሌኒ መስቀሉን ባገኘች ጊዜ የምሥራቹ በችቦ ብርሃን ከአገር አገር ደረሰ ተብሎ ይተረካል። የመርጡለ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ ያሠራችው እቴጌም የዚችው ንግሥት ሞክሼ ናትና፣ ትረካው ለአካባቢያችን ሰው ባዕድ አይደለም።

የእጅ ባትሪ ታሪክ ደግሞ አንድ የሚያስገርም ነገር ይነግረናል። ዴቪድ ሚዜል የተባለው ፈልሳፊ እ.ኤ.አ. በ1899 በአሜሪካ የፈጠራ መብት ባገኘበት ዘመን፣ ባትሪ ድንጋዩ ደካማ ስለነበረ መብራቱን ያለማቋረጥ ማብራት አይቻልም ነበር። ሰው ቁልፉን ጫን ለቀቅ እያደረገ፣ ብልጭ ባለ ቁጥር ፊቱን እያየ ይሄድ ነበር። እንግሊዝኛው «ፍላሽላይት»፣ ማለትም የብልጭታ መብራት፣ የተባለውም ከዚህ የተነሣ ነው። እኛ ስሙን ከድንጋዩ ወስደን «ባትሪ» አልነው። እንግዲህ ብልጭታ መጀመሪያ የአቅም ማነስ ነበር። ያንን ጉድለት ለማስወገድ ስንት ተደክሞ፣ ዛሬ እንደ ጌጥ ተመልሶ መጣልን!

ይሁን እንጂ ብልጭታ ቁም ነገር የሠራበት ጊዜም አለ፤ ያውም በእኛው ምድር። በ1860 ዓ.ም. በናፒየር የተመራው የእንግሊዝ ጦር ከዙላ ተነሥቶ ወደ መቅደላ ሲዘምት፣ ቦልተንና ኮሎም የተባሉ መኮንኖች ያዘጋጁትን የሌሊት የብርሃን ምልክት ይዞ ነበር። ኖራ በጋዝ ነበልባል ግሎ የሚሰጠው ኃይለኛ ብርሃን እየተከፈተና እየተዘጋ፣ አጭርና ረጅም ብልጭታው ቃል ይሆናል። አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን የተሠዉበት ያ ዘመቻ በመድፍና በዝሆን ብዛት ይታወሳል፤ በጨለማ መነጋገር መቻልም ግን አንድ ኃይል ነበር። ለመሆኑ ያንን ብልጭታ ንግግር ያደረገው ምንድን ነው? ላኪውና ተቀባዩ አንድ ውል ስለነበራቸው ነው። ውሉን የማያውቅ ሰው ቢያየው ብልጭታ ብቻ ነው።

የዛሬው ፈጣን ብልጭታ ዘሩ ሌላ ነው። አሜሪካዊው ሃሮልድ ኤጀርተን እ.ኤ.አ. በ1931 በፈጣን ብልጭታ የሚሽከረከር ሞተር የቆመ መስሎ እንዲታይ አደረገ፤ ለመሐንዲስ ትልቅ ነገር ነበር። ኋላም ፖሊስና ወታደር የባላጋራን ዓይን ለማጭበርበር ያዙት። ኤልኢዲ ሲመጣ ደግሞ፣ እንደ ድሮው አምፑል ፈትሉ እስኪግል ስለማይጠብቅ፣ ብልጭታ መጨመር ለፋብሪካው ምንም ያህል ወጪ የማይጠይቅ ሆነ። ለገበሬው ታስቦ አልተሠራም። ጉዳትም አያጣም፤ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 16 ቀን 1997 በጃፓን ቴሌቪዥን ቀይና ሰማያዊ ብልጭታ ያለበት የልጆች ፊልም ታይቶ ከ600 በላይ ልጆች ሐኪም ቤት ተወስደዋል። የሚጥል በሽታ ካለባቸው ሰዎች አንዳንዶቹን እንዲህ ያለ ብልጭታ ይጥላቸዋል። ስለዚህ ልጅ ፊት ላይ እያበሩ መቀለድ ቀልድ አይደለም።

ታዲያ ለዕለት ኑሮ ይጠቅማል ወይ? ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ሌሊት ወደ ጤና ጣቢያ ስትወሰድ አስቡ። ፊት ፊት የሚሄደው ሰው ባትሪውን ብልጭ ድርግም ቢያደርግ ተሸካሚዎቹ ጉድጓዱን ከጥላው መለየት አቅቷቸው ይወድቃሉ። እሱ የሚያስፈልገው የጧፍ ዓይነት ብርሃን ነው። መኪና መንገድ ላይ ሲደርሱ ግን ከኋላ ያለው ሰው ብልጭ ድርግም ቢያደርግ ሾፌሩ ከሩቅ ያያቸዋል። የተበላሸ መኪና ኋላ ድንጋይና ቅጠል ከመደርደር ጋር ብልጭታ ቢጨመርበትም እንዲሁ ነፍስ ያድናል። እንግዲህ ጥቅሙ ለመታየት ነው፤ ለማየት ሲሉት ግን ጠንቅ ነው።

ችግሩ መታየት ብቻውን አለመብቃቱ ነው። ጡሩንባ ሲነፋ ሰው ሞቷል ማለት እንደሆነ አገሬው ያውቃል። ደወል ያለ ሰዓቱ ሲደወል፣ እሪታ ሲሰማ፣ ሁሉም ካለበት ይነሣል። በወዲያኛው ጋራ ላይ ባትሪ ብልጭ ድርግም ቢልስ? «ልጆች ናቸው» ብለን እንተኛለን። ዕቃውን ገዛን እንጂ ውሉን አልገዛንም።

ውሉ ደግሞ የሚገዛ ሳይሆን የሚዋዋሉት ነው። የአልፕስ ተራራ ወጪዎች እ.ኤ.አ. ከ1894 ጀምሮ የተስማሙበት አለ፤ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስድስት ጊዜ ማብራት፣ አንድ ደቂቃ ማረፍ፣ እንደገና ስድስት ጊዜ። ያየ ሰው በደቂቃ ሦስት ጊዜ አብርቶ ይመልሳል። ይህን ለመላክ ሦስተኛው ቁልፍ እንኳ አያስፈልግም፤ እጅ ይበቃል። ለክረምት ወደየቀያችን ስንገባ ነገሩን ለእድሩ ዳኛና ለጡሩንባ ነፊው እናንሣ። ከወዲያ ማዶ ስድስት ጊዜ ሲበራ ቃሬዛ ይዞ የሚነሣ ሰው ካለ፣ ያ ብልጭታ ሥራ አገኘ ማለት ነው።