ማኅተም የሌለው መልስ

ኑማ ወዲህ ጠጋ በሉ። ሎስ አንጀለስ እ.ኤ.አ. በ2002 «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብላ በሰየመችው በዚህ በፌርፋክስ ጎዳና «አገር ቤት የሚሄድ ሰው አለ?» የምትለዋ ጥያቄ ዛሬም አልጠፋችም። ፖስታው በፕላስተር ይታሸጋል፤ የተቀባዩ ስልክ በወፍራም እስክሪብቶ ይጻፍበታል፤ «አደራ፣ እጅ በእጅ!» ይባላል።

አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ። ስኮትላንድ ውስጥ አበርዲን የምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1590 የራሷን መልእክተኛ ቀጥራ ነበር፤ ሰማያዊ ልብስ አልብሳ፣ በቀኝ እጅጌው ላይ የከተማዋን አርማ በብር አስጠልፋ። የኛው የድሮ መልእክተኛ ግን በባዶ እግሩ ነበር። ዘንግ ይሰነጥቅና ደብዳቤውን ጫፉ ላይ ሰክቶ ዳገት ቁልቁለቱን ይያያዘው ነበር። ወረቀቱን ላብ አይነካውም ነበር፤ ያየው ሁሉ ደግሞ የሰው አደራ መያዙን ያውቅ ነበር። እኔን ካላችሁኝ ከብር ጥልፉ ዘንጉ ይበልጥብኛል።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ጥቅምት 1855 ዓ.ም. አጤ ቴዎድሮስ ለእንግሊዟ ንግሥት ለቪክቶሪያ ደብዳቤ አስጻፉ። መልእክተኞች ልልክ እሻለሁ፣ ባሕሩን ግን ቱርክ ይዞብኛልና መንገድ ይበጅልኝ የሚል ነው። የእንግሊዙ ቆንስል ካሜሮን ራሱ አድርሶ ራሱ መልሱን እንዲያመጣ ነበር ሐሳባቸው። እሱ ግን ደብዳቤውን ለሌላ ሰው አስይዞ ወደ ባሕር ጠረፍ ሰደደና ወደ ቦጎስ፣ ከዚያም ወደ ከሰላ ዞረ።

ደብዳቤውስ? ተራራ ወርዶ፣ ባሕር ተሻግሮ በየካቲት ለንደን ገባ። አራት ወር እንኳ ሳይሞላ! እዚያ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ መዝገብ ውስጥ ከተቱት፤ መልስ የሚጽፍ ጠፋ። ያን ሁሉ አገር ያቋረጠ ወረቀት አንድ ጠረጴዛ መሻገር አቃተው።

ካሜሮን ባዶ እጁን ተመለሰ። ንጉሡ ጠበቁ፤ ጠበቁና በ1856 ቆንስሉን አሰሩት። ይኼኔ ለንደን ባነነች። ሆርሙዝድ ራሳም የሚባል የሞሱል ተወላጅ የንግሥቲቱን መልስ ይዞ ሐምሌ 1856 ምጽዋ ደረሰ፤ «ልምጣ ወይ?» ሲልም ወደ ንጉሡ መልእክተኛ ላከ።

ዝም።

ክረምቱ አለፈ፣ በጋው አለፈ። የምጽዋን ሙቀት የቀመሰ ያውቀዋል! ደግሞ ላከ፤ አሁንም ዝም። ንጉሡ የለንደንን ዝምታ በዝምታ እየከፈሉ ነበር ብል ማን ይከራከረኛል? በነሐሴ 1857 ግን፣ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በመተማ በኩል ና የሚል መልስ መጣ። ራሳም ወረቀቱን አገላብጦ አየው። ፊርማ የለውም፤ ማኅተምም አልተመታበትም። አጤ ቴዎድሮስን የሚያህል ንጉሥ ማኅተም ረስቶ አይደለም መቼም!

ራሳም ስድቡን ዋጥ አድርጎ በመተማ ወጣ። የንግሥቲቱን ደብዳቤ ለንጉሡ በእጃቸው ያስረከበው ጥር 1858 ነው፤ የሳቸው ከተጻፈ ሦስት ዓመት ከሦስት ወር በኋላ።