ገዳይ ሲናገር ማን ይጠይቀዋል?

 ያለሁት ግራንድ ፕሬሪ ነው። ዛሬ ትንሽ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው። ኤርፖርት ተራ ይዞ የሚጠብቅ የታክሲ ሹፌር ከማሰብ ሌላ ምን ሥራ አለው? ቡናችሁን ያዙና አንብቡ።

ባለፈው ሳምንት ተራችንን እየጠበቅን አንዱ ልጅ ስልኩን የመኪናው ኮፈን ላይ አቁሞ ዩቲዩብ ከፈተ። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ነው፤ ከሐራሬ የሰጠው የቆየ ቃለ ምልልስ። አምስት ስድስት ሹፌሮች ተሰበሰብን። ልጁ ደርግ ከወደቀ በኋላ የተወለደ ነው። «እንዴት ያለ አንደበት ነው ያላቸው! አገር ወዳድ ነበሩ እኮ» አለ። እሱ «እሳቸው» ይላል፣ እኔ «እሱ» እላለሁ፤ ልዩነታችን ከዚያ ይጀምራል። ሰውዬው ስለ ሶማሊያ ጦርነት ሲያወራ፣ ስለ ሚሊሻው፣ ስለ ካራማራ ሲተርክ፣ ሁላችንም ጭጭ ብለን ሰማን። ከዚያ አንድ ነገር አስተዋልኩ፤ እኔም ራሴን እየነቀነቅሁ ነበር።

ካራማራ የካቲት 1970 ነው። ታላቅ ወንድሜን ከቤታችን የወሰዱት ኅዳር 1970 ነው። የአሥራ ሰባት ዓመት ተማሪ ነበር፣ እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። እስከ ዛሬ አልተመለሰም። እና እኔ፣ የእሱ ወንድም፣ ቴክሳስ ፀሐይ ላይ ቆሜ ለዚያ ድምፅ ራሴን እነቀንቃለሁ። ተራዬ ሲደርስ ተሳፋሪዬን ጭኜ ሄድኩ፤ የት እንዳደረስኩት እንኳ በቅጡ አላስታውስም።

ማታ ቤት ስገባ ደግሞ ልጄ ኔትፍሊክስ ላይ «አይ አም ኤ ኪለር» የሚለውን ታያለች። እ.ኤ.አ. በ2018 የጀመረ ተከታታይ ዘጋቢ ፊልም ነው። በነፍስ ግድያ የተፈረደባቸው ሰዎች ካሜራ ፊት ተቀምጠው ያደረጉትን በራሳቸው አፍ ይናገራሉ። ከእነሱ ብዙዎቹ እዚሁ ቴክሳስ የታሰሩ ናቸው። ልጄ አንዱን እስረኛ እያየች ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «አባዬ፣ የአጎቴ ገዳይ እንዲህ ቁጭ ብሎ ቢያወራ ትሰማዋለህ?» አለችኝ። አልመለስኩላትም፤ እንጀራዬን በልቼ ተኛሁ። መልሱ ይኸው፣ ለእሷም ለእናንተም።

እኛ አገር ገዳይ ስለ ራሱ ሲናገር መስማት አዲስ ነገር አይደለም። ኔትፍሊክስ ሳይፈጠር ፉከራ ነበረን። ከዘመቻ የተመለሰ ሰው በጌታው ፊት ብድግ ብሎ ማንን እንደጣለ፣ እንዴት እንደጣለ ይዘረዝራል። አዳራሹ ይሞቃል፣ ሴቱ እልል ይላል፣ ጌታው ይሸልማል። «ገዳይ» የሚለው ቃል ራሱ እኮ ስድብ አልነበረም፤ ሙገሳ ነበር፣ ዝሆንና አንበሳ ለጣለም ጠላት ለጣለም። በዚያ ድግስ ላይ የሌለው ሟች ብቻ ነው። ሟች ቢኖር «ከኋላዬ ነው የወጋኸኝ» ይለው ይሆናል። ግን የለም፤ ስለዚህ ታሪኩ ሁልጊዜ የቆመው ሰው ታሪክ ነው።

አባቶቻችን ግን ሌላም ሥርዓት ነበራቸው፣ በላ ልበልሃ። ሁለት ባላጋራዎች ዛፍ ጥላ ሥር ፊት ለፊት ይቆማሉ። አንዱ «ተጠየቅ!» ይላል፣ ሌላው መልስ ይሰጣል። ማር ይወራረዳሉ፣ በቅሎ ይወራረዳሉ። አንዱ ያሳመረው ንግግር ሳይጠየቅ አያልፍም። ዳኛ ከሌለ ደግሞ መንገደኛ ይቆማል፤ በዚያ ያለፈ ጨዋ ሰው «ፍረድ» ይባልና ተቀምጦ ያዳምጣል። ተመልካች የሚባለው ፍጥረት ያኔ እልል ባይ ብቻ አልነበረም፤ መንገደኛ ዳኛም ነበር።

እንግዲህ የኔ ሐሳብ ይህ ነው፦ ገዳይ ስለ ራሱ ሲናገር ወይ ፉከራ ነው ወይ ተጠየቅ ነው። ቃሉ አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል። የሚለየው ፊት ለፊቱ ማን እንደቆመና እኛ የምንሰማው ምን ሆነን እንደተቀመጥን ነው።

ይህን ነገር ጎረቤታችን ዳላስ ከማንም በላይ ታውቀዋለች። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1976፣ በታንክስጊቪንግ ሰሞን ሌሊት፣ ሮበርት ዉድ የሚባል ፖሊስ መብራት ሳያበራ የሚሄድ መኪና አስቁሞ ወደ ሾፌሩ ሲጠጋ ተተኮሰበትና ሞተ። በዚያ ቀን ራንዳል አዳምስ የሚባል ከኦሃዮ የመጣ ሠራተኛ ቤንዚን አልቆበት መንገድ ላይ ሲሄድ ዴቪድ ሃሪስ የሚባል የ16 ዓመት ልጅ አሳፍሮት ነበር። መኪናው የተሰረቀ ነው። ሃሪስ ወደ ከተማው ወደ ቫይዶር ተመልሶ ለጓደኞቹ «ዳላስ ውስጥ ፖሊስ ገደልኩ» ብሎ ፎከረ። አዎ፣ ፎከረ። ፖሊስ ሲይዘው ግን «ለጉራ ብዬ ነው፣ የገደለው አዳምስ ነው» አለ። በ1977 አዳምስ ሞት ተፈረደበት። ሊገደል ሦስት ቀን ሲቀረው ቅጣቱ ታገደ፤ በ1980 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሞት ፍርዱን ሻረው፤ ከዚያም ወደ ዕድሜ ልክ ተለወጠለት።

በኋላ ኤሮል ሞሪስ የሚባል ፊልም ሠሪ ለሌላ ጉዳይ ቴክሳስ መጥቶ አዳምስን እስር ቤት አገኘው። ሞሪስ የግል መርማሪ ሆኖ የሠራ ሰው ነው፤ የፍርድ ቤቱን መዝገብ አገላበጠ፣ ምስክሮቹን አንድ በአንድ ካሜራ ፊት አስቀምጦ እንዲናገሩ አደረገ። አንዱ ያለውን ሌላው ሲያፈርሰው ታያላችሁ። ሃሪስ በዚያ ጊዜ በሌላ ነፍስ ሞት ተፈርዶበት ነበር። በመጨረሻው ቃለ ምልልስ ካሜራው ተበላሽቶ የቀረው ቴፕ ብቻ ነበር። ሃሪስ በቴፑ ላይ አዳምስ ንጹሕ መሆኑን እንደሚያውቅ ተናገረ፤ እንዴት ታውቃለህ ሲባል የሰጠው መልስ «ገድያለሁ» ሊል ምንም ያልቀረው ነበር። ፊልሙ «ዘ ቲን ብሉ ላይን» ይባላል፣ በ1988 ወጣ። በማርች 1989 አዳምስ ከ12 ዓመት በላይ ከታሰረ በኋላ ተፈታ። ሃሪስ በፖሊሱ ሞት አንድም ቀን አልተከሰሰም፤ በ2004 የተገደለው በሌላኛው ወንጀል ነው።

ልብ በሉ፣ የሃሪስ አፍ አንድ ነው። ጓደኞቹ ፊት ፉከራ ሆነ። ፍርድ ቤት ውስጥ መስማት የሚፈልጉትን ስለነገራቸው እውነት ተብሎ ንጹሕ ሰው ለሞት አበቃ። ከሌሎች ቃል ጋር እየተፋጠጠ ሲጠየቅ ብቻ ነው ለእውነት የቀረበው።

አሁን ወደ እኛው ሰውዬ ልመለስ። መንግሥቱ ግንቦት 13 ቀን 1983 አገር ጥሎ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ታሪኩን ደጋግሞ ነግሮናል። ገነት አየለ ቃለ ምልልስ አድርጋ ትዝታዎቹን በመጽሐፍ አወጣች። በ2004 ደግሞ ራሱ «ትግላችን» የሚለውን አሳተመ። በየቃለ ምልልሱ የቀይ ሽብሩን ነገር ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ በአጭሩ አብዮቱን ለመከላከል የተደረገ ጦርነት ነው የሚል ነው።

አዲስ አበባ ላይ ግን ሌላ ወንበር ተዘጋጅቶ ነበር። የደርግ ባለሥልጣናት የፍርድ ሂደት በታኅሣሥ 1987 ተጀመረ። ምስክሮች ቀረቡ፣ ሰነድ ቀረበ፣ ዐፅም ቀረበ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 መንግሥቱ በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ ተባለ፤ ጥር ላይ ዕድሜ ልክ፣ በይግባኝ ደግሞ ግንቦት 18 ቀን 2000 ሞት ተፈረደበት። ሁሉም እሱ በሌለበት። ማለትም «ተጠየቅ» የተባለበት ወንበር ባዶ ነበር፤ ሐራሬ ያለው ወንበር ላይ ግን ተደላድሎ ይተርክልናል። እኛም ቴፑን፣ መጽሐፉን፣ ቪዲዮውን እየገዛንና እየተቀባበልን ሰማነው። ግማሻችን ተሳደብን፣ ግማሻችን እልል አልን። የኮፈኑ ላይ ስልክ የዚያ ቅጥያ ነው።

በልጁ ላይ አልፈርድም። የዛሬው መከራ የትናንቱን ገዳይ ያሳምረዋል። ዛሬ አገሩ ሰላም ያጣ ሰው «ቢያንስ አንድነት ነበረ» የሚል ድምፅ ሲሰማ ይጽናናል። እኔም የነቀነቅሁት ለዚያ ይሆናል። ግን ያ ድምፅ ሲያምር ማን አጠገቡ እንደሌለ መጠየቅ አለብን።

ሰዎቹ አጠገቡ ሲኖሩ ምን እንደሚሆን ያየነው አትላንታ ላይ ነው። በአዲስ አበባ የከፍተኛ 9 ሊቀመንበር የነበረው ቀልቤሳ ነገዎ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ አትላንታ ኮሎኒ ስኩዌር ሆቴል ውስጥ ሻንጣ ተሸካሚ ነበር። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ይላል። እጅጋየሁ ታዬ የምትባል፣ በእሱ ትእዛዝ የተገረፈች ሴት፣ እዚያው ሆቴል አስተናጋጅ ነበረች። በ1989 ሊፍት ጋ ድንገት አየችው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ አወቀችው። ካናዳ ላለችው ለሒሩት አበበ ጅሪ ደወለች። ኤልሳቤጥ ደምሴ ተጨመረች። ሦስቱ በ1990 ከሰሱት፣ በ1993 ፍርድ ቤት ፊት ለፊቱ ቆመው መሰከሩ። እሱ ካደ። ዳኛው ግን ሴቶቹን አመነ፤ ለእያንዳንዳቸው 500,000 ዶላር እንዲከፍል ፈረደበት። በ2006 ወደ ኢትዮጵያ ተባረረ፤ እዚያ በሌለበት የተፈረደበት ዕድሜ ልክ ይጠብቀው ነበር።

ሔግ ላይም እንዲሁ ሆነ። እሸቱ ዓለሙ የሚባለው የደርግ ሰው ለረጅም ዓመታት ሆላንድ ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2017 ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። ከተፈረደበት አንዱ በ1970 ክረምት ደብረ ማርቆስ ውስጥ የተገደሉት 75 እስረኞች ጉዳይ ነው። እሱም ካደ። ግን ሲክድ ከፊቱ የሟች እኅትና ወንድም ተቀምጠው ነበር። እንደዚያ መካድና ካሜራ ፊት ተዝናንቶ መካድ አንድ አይደለም።

ለልጄ የምመልሰው ይህንን ነው። የአጎትሽ ገዳይ ቢናገር እሰማዋለሁ። አጥፊው አልቅሶ ይሆናል፣ አንቺም ታለቅሻለሽ፤ ለሰው ማዘን ኃጢአት አይደለም። አንቺ የምታይው ፊልም ላይ እንኳ ወድጄ ያየሁት ነገር አለ፦ ሠሪዎቹ ተመልሰው ሄደው ሌሎች ሰዎች ስለ እስረኛው ያሉትን በድምፅ ያሰሙታል፣ እሱ ሲሰማ ፊቱን ያሳዩናል። ያቺ ትንሽ «ተጠየቅ» ናት። እሷ የሌለችበትን ግን ቁጭ ብዬ አልሰማም፤ ብሰማም ራሴን አልነቀንቅም።

ምን ትጠይቀዋለህ ብትይኝ የኔ ጥያቄ አይደለም፣ የእናቴ ነው። እናቴ ልቅሶ ተከልክላ፣ ጥቁር እንዳትለብስ ተነግሯት፣ በር ዘግታ ያለቀሰች ሴት ናት። ለምን ገደላችሁት ብላ ስትጠይቅ ሰምቻት አላውቅም። አብዮት ምን እንደሆነም ግድ አልነበራትም። እስከምትሞት ድረስ የነበራት ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ «የት ቀበራችሁት?» እኅቴ መስቀል አደባባይ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ሲከፈት ሄዳ ፎቶዎቹን ሁሉ አየች። የእሱ የለም። እኔ ከመንግሥቱ አፍ በሰማሁት ሰዓታት ሁሉ ስለ ሶማሊያ፣ ስለ ሩሲያ፣ ስለ ከሃዲ ጄኔራሎች ሰምቻለሁ። የት ቀበራችሁት ብሎ የጠየቀው ሰው ግን አልሰማሁም።

ትናንት ያው ልጅ ተራ ላይ አገኘኝ። ቪዲዮውን እንዲከፍተው ጠየቅኩት። ገረመው። ከፈተው፣ ትንሽ ሰማን፣ «አቁመው» አልኩት። አቆመው። ከዚያ ስለ ወንድሜ ነገርኩት፣ ስሙን፣ የሚወደውን ኳስ፣ የለበሰውን ሹራብ። ልጁ ብዙ አላወራም። «ጋሼ፣ እኔ ይህን ማን ነገረኝ?» አለ። እውነቱን ነው፤ ገዳዩ ሲነግረው እኛ ዝም ብለን ነበር።

እናንተም እናት አባቶቻችሁ በሕይወት ካሉ ዛሬ ደውሉላቸው። ቪዲዮ ከምትቀባበሉ የዚያን ጊዜ ማን እንደጠፋ፣ ስሙ ማን እንደነበር ጠይቋቸው። ተራዬ ደርሷል፣ ተሳፋሪ እየመጣ ነው። ደኅና ሁኑልኝ።